ለኦርጋኒክ የፀሐይ ሴል የትኛው አወቃቀር ይሻላል? በኤክሳይቶን ጉዞ የተመዘነ ንጽጽር

ኦርጋኒክ የፀሐይ ሴል፣ ማለትም ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ከካርቦን ውሁዶች የተሠራ ሴል፣ ለመሥራት የተነሳ ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የትኛው ፖሊመር ይሻላል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ያለ ተራው የመጣ ነው። ከፖሊመሩ (ረጅም ሰንሰለት ከሠራው ሞለኪውል) ስም በፊት መልስ ማግኘት ያለበት ሌላ ጉዳይ አለ፤ ብርሃን የፈጠረው ኃይል ከተፈጠረበት ቦታ ተነስቶ ኤሌክትሪክ ወደሚሆንበት ድንበር ለመድረስ ስንት ናኖሜትር መጓዝ ይችላል? ይህ ቁጥር ሲታወቅ ከአማራጮቹ ግማሾቹ በራሳቸው ጊዜ ይወድቃሉ። ሳይታወቅ የተመረጠ ፖሊመር ግን የቱንም ያህል ቢወደስ ዕድሉን ይዞ ወደ ቤተ ሙከራ ይገባል።

ከዚህ በታች የቀረበው የሽግግር መንገዶችን፣ የሴል አወቃቀሮችንና ኤሌክትሮን ተቀባይ ቁሶችን በዚሁ ሚዛን እያነጻጸሩ ለመምረጥ የሚረዳ ነው። የጽሑፉ አቋም ገና ከጅምሩ ይነገር፦ ሁሉንም ነገር ቀላቅሎ መቀባት ለሃያ ዓመታት ያህል ትክክለኛ ምርጫ ነበር፤ ዛሬ ግን በብዙ ቁሶች ላይ ምርጫ መሆኑ ቀርቶ ልማድ ሆኗል።

ችግሩ ከየት ይነሳል

ሲሊከን ብርሃን ሲያርፍበት ኤሌክትሮኑና ኤሌክትሮኑ የለቀቀው ባዶ ቦታ፣ ማለትም ሆሉ፣ ወዲያው ይላቀቃሉ። አስሮ የሚይዛቸው ኃይል በኤሌክትሮንቮልት (ለጥቃቅን ኃይሎች በሚያገለግል መለኪያ) ሲሰላ 15 ሚሊኤሌክትሮንቮልት ገደማ ሲሆን የክፍል ሙቀት ብቻውን 25 ያህል ስለሚሰጥ ሌላ አላቃቂ አያስፈልግም። በኦርጋኒክ ቁስ ውስጥ ነገሩ ይገለበጣል። የሲሊከን ዳይኤሌክትሪክ ቋሚ (ቁሱ በቻርጆች መካከል ያለውን መሳሳብ የሚያለዝብበት መጠን) 12 ገደማ ሲሆን የኦርጋኒኮቹ ከ3 እስከ 4 ብቻ ነው፤ በመሆኑም በተቃራኒ ቻርጆች መካከል ያለው መሳሳብ አይለዝብም። በ1 ናኖሜትር የሚራራቁ ሁለት ቻርጆችን ወስዶ በ3.5 ቋሚ ቢያሰሉት መሳሳቡ 0.4 ኤሌክትሮንቮልት ይሆናል። ይህ ከክፍል ሙቀት 16 እጥፍ ነው።

ስለዚህ ኤሌክትሮኑና ሆሉ ተጣምረው ይቀራሉ፤ ጥንዱ ኤክሳይቶን ይባላል። ድምር ቻርጁ ዜሮ በመሆኑ የሴሉ የኤሌክትሪክ መስክ ጎትቶ ወደ ኤሌክትሮድ ሊወስደው አይችልም። ያለው ዕድል አንድ ነው፤ ኤሌክትሮን ሰጪውና ኤሌክትሮን ተቀባዩ ቁስ ወደሚገናኙበት ድንበር እየተቅበዘበዘ ደርሶ እዚያ መለያየት። ለዚህ የተሰጠው ዕድሜ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ1 ናኖሰከንድ አይበልጥም። ካልደረሰ ኃይሉ በብርሃን ወይም በሙቀት መልክ ባክኖ ይቀራል።

ፎርስተር ወይስ ዴክስተር

ኤክሳይቶን ከሞለኪውል ወደ ሞለኪውል የሚሸጋገርባቸው ዋና መንገዶች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያውን ጀርመናዊው ቴዎዶር ፎርስተር እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በቀመር አስቀምጦታል። በዚህ መንገድ ኤሌክትሮን ከሞለኪውሉ አይወጣም፤ የተነቃቃው ሞለኪውል የሚፈጥረው የኤሌክትሪክ ንዝረት ጎረቤቱን ያነቃቃና እሱ ራሱ ወደ ዕረፍት ይመለሳል። ሁለተኛውን አሜሪካዊው ዴቪድ ዴክስተር እ.ኤ.አ. በ1953 አብራርቷል። እዚህ ኤሌክትሮኖች በእርግጥ ይለዋወጣሉ፦ የተነቃቃው ወደ ጎረቤት ሲሻገር ያልተነቃቃው በምትኩ ይመጣል። ብርሃን ተተፍቶ በሌላ ሞለኪውል መልሶ መመጠጡ ሦስተኛ መንገድ ነው ሊባል ይችላል፤ ነገር ግን 100 ናኖሜትር በሚወፍር ፊልም ውስጥ ድርሻው ትንሽ በመሆኑ እናልፈዋለን።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የርቀት ነው። ዴክስተር የሁለቱ ሞለኪውሎች የኤሌክትሮን ደመና እንዲደራረብ ስለሚፈልግ ከ1 ናኖሜትር ብዙም አያልፍም፤ ርቀቱ በጨመረ ቁጥር ፍጥነቱ በኤክስፖኔንሺያል ይወድቃል። ፎርስተር ግን ጥቂት ናኖሜትሮችን በአንድ ዝላይ ይሻገራል። አቅሙ የሚገለጸው የፎርስተር ርቀት በሚባል ቁጥር ነው፤ በዚህ ርቀት ላይ ግማሹ ኃይል ይሸጋገራል፣ ግማሹ በሌላ መንገድ ይጠፋል። ከዚያ ወዲያ መውደቁ ምሕረት የለውም፤ ርቀቱ ወደ ስድስተኛ ኃይል ከፍ ብሎ (ማለትም ስድስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ) ስለሚገባ፣ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚሸጋገረው 1.5 በመቶ ብቻ ነው። በግማሽ ሲቀነስ ደግሞ ከ98 በመቶ ይበልጣል። የፎርስተር ርቀቱ 3 ናኖሜትር በሆነ ጥንድ ላይ በ1.5 እና በ6 ናኖሜትር መካከል ያለው ልዩነት ሁሉን የማግኘትና ምንም ያለማግኘት ልዩነት ነው ማለት ነው።

ይህ ስሌት ግን የአንድ ሞለኪውልን ወደ አንድ ሞለኪውል ሽግግር የሚመለከት ነው፤ ብዙዎች የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው። ኃይል ተቀባዩ አንድ ሞለኪውል ሳይሆን ወፍራም ንብርብር ከሆነ የሁሉም ሞለኪውሎች አስተዋፅኦ ይደመርና ፍጥነቱ ከርቀቱ ሦስተኛ ኃይል ጋር ብቻ ይቀንሳል። አንድ ሞለኪውል ብቻ የሚወፍር ስስ ገጽ ከሆነ ደግሞ በአራተኛ ኃይል። ስለዚህ ኃይል ተቀባዩን ተበታትኖ ከማስቀመጥ በንብርብር ማስቀመጥ እጁን ያረዝምለታል። ኋላ ስለ ቅብብሎሽ ሴል ስናወሳ ይህ ይጠቅመናል።

ለፎርስተር መሟላት ያለባቸው ሦስት ነገሮች አሉ። ኃይል ሰጪው የሚተፋው የብርሃን ስፔክትረም ኃይል ተቀባዩ ከሚመጥጠው ጋር መደራረብ አለበት። ኃይል ሰጪው ራሱ በደንብ የሚያበራ መሆን አለበት፤ ሲነቃቃ በሙቀት የሚያባክን ሞለኪውል ለጎረቤቱም የሚሰጠው የለውም። የሁለቱ ዲፖሎች (የኤሌክትሪክ ንዝረታቸው) አቅጣጫም እርስ በርሱ ቀጥ ያለ ማዕዘን የሚሠራ መሆን የለበትም። ሌላም ጥንቃቄ አለ፦ ቀመሩ እያንዳንዱን ሞለኪውል እንደ ነጥብ ይቆጥራል። በጥቅጥቅ ፊልም ውስጥ በሞለኪውሎች መካከል ያለው ክፍተት ከሞለኪውሎቹ ቁመት ስለሚያንስ፣ በጎረቤቶች መካከል የሚገኘው የስሌት ውጤት እንደ ጥቆማ እንጂ እንደ ፍርድ መወሰድ የለበትም።

ምርጫው ታዲያ ቀላል ነው። ብርሃን በቀጥታ የሚፈጥረው ኤክሳይቶን ሲንግሌት (የሁለቱ ኤሌክትሮኖች ስፒን ተቃራኒ የሆነበት) ስለሆነ በተለመደው ሴል ውስጥ ዋናው መንገድ ፎርስተር ነው፤ ዲዛይኑም በስፔክትረም መደራረብ ላይ ይቆማል። ትሪፕሌት (ስፒናቸው አንድ አቅጣጫ የያዘ) ኤክሳይቶኖች ላይ ከተሠራ ግን ፎርስተር በሩን ይዘጋና ዴክስተር ብቻ ይቀራል፤ ያኔ ትኩረቱ ወደ ሞለኪውሎች ድርድርና ወደ ክሪስታል ጥራት ይዞራል።

ትሪፕሌት ዕድሜው ረጅም በመሆኑ ያጓጓል። ሩብሪን በተባለ ኦርጋኒክ ቁስ ነጠላ ክሪስታል ውስጥ በማይክሮሜትር የሚለካ ርቀት እንደሚጓዝ ታይቷል። ፔንታሲን በተባለ ሌላ ኦርጋኒክ ቁስ ውስጥ ደግሞ አንድ ሲንግሌት ለሁለት ትሪፕሌት ስለሚከፈል፣ እ.ኤ.አ. በ2013 በጠባብ የብርሃን ክልል ለአንድ ፎቶን ከአንድ ኤሌክትሮን በላይ የሰጠ ሴል ቀርቧል። ይሁን እንጂ የፔንታሲን ትሪፕሌት ኃይል ከ1 ኤሌክትሮንቮልት በታች ነው፤ በከረንት የተገኘው በቮልቴጅ ይታጣል። ለምርምር ድንቅ ነው፤ ሴል ሠርቶ ማሳየት ለሚፈልግ ግን አልመክረውም።

አራቱ አወቃቀሮች

ድርብ ንብርብር የሁሉም አባት ነው። ቺንግ ታንግ በኮዳክ ኩባንያ ኮፐር ፍታሎሳያኒንንና የፐሪሊን ዝርያን አንዱን በሌላው ላይ አንብሮ እ.ኤ.አ. በ1986 ወደ 1 በመቶ የሚጠጋ ብቃት ሲያስመዘግብ፣ ኤክሳይቶን የሚለያየው በድንበር ላይ እንደሆነ በተግባር አሳየ። የአወቃቀሩ ውበት ንጽሕናው ነው፤ ኤሌክትሮኑና ሆሉ ከተለያዩ በኋላ እያንዳንዱ በየራሱ ንብርብር ስለሚሄድ ተመልሰው የሚገናኙበት ዕድል ጠባብ ነው። ጉዱ ያለው ውፍረቱ ላይ ነው።

እስቲ በቁጥር እንየው። በሴንቲሜትር 100,000 የመምጠጥ ኮፊሸንት ያለው ቁስ ብርሃን አንድ ጊዜ ብቻ ሲያልፍበት በ10 ናኖሜትር ውፍረት 10 በመቶ ያህሉን፣ በ50 ናኖሜትር 39 በመቶውን ይመጥጣል። የኤክሳይቶኑ የጉዞ ርዝመት 10 ናኖሜትር ነው እንበል፤ ለብዙ ፖሊመሮች የሚለካው በዚሁ አካባቢ ነው። 10 ናኖሜትር በሚወፍረው ንብርብር ውስጥ ከተፈጠሩት ኤክሳይቶኖች 76 በመቶ ያህሉ ድንበሩ ላይ ይደርሳሉ፤ በ50 ናኖሜትሩ ግን 20 በመቶ ብቻ። ሁለቱን ሲያባዙ በስሱ ንብርብር ከገባው ብርሃን ወደ 7 በመቶ፣ በወፍራሙ ወደ 8 በመቶ ጥቅም ላይ ይውላል። ቁሱ አምስት እጥፍ ጨምሮ ትርፉ አንድ በመቶ እንኳ አልሞላም። ብርሃን ወፍራም ይሻል፣ ኤክሳይቶን ስስ ይሻል፤ ሁለት ወዶ አይሆንም።

አሁን የጉዞውን ርዝመት ብቻ ከ10 ወደ 40 ናኖሜትር እንለውጥ። በዚያው 50 ናኖሜትር ንብርብር ውስጥ የሚደርሱት 68 በመቶ ይሆናሉ፤ ጥቅም ላይ የሚውለውም ብርሃን ወደ 27 በመቶ ያድጋል። ወደ 100 ናኖሜትር ቢወፍር ግን መልሶ ወደ 25 ይወርዳል። የድርብ ንብርብር ዕጣ በዚህ አንድ ቁጥር ላይ የተንጠለጠለ መሆኑን ለማየት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

ቅይጡ አወቃቀር የመጣው ይህን ማነቆ ለመስበር ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 በሳንታ ባርባራ የአላን ሂገር ቡድን ፖሊመርን ከፉለሪን (የኳስ ቅርጽ ካለው የካርቦን ሞለኪውል) ጋር፣ በካምብሪጅ ደግሞ ሌላ ቡድን ፖሊመርን ከፖሊመር ጋር ቀላቅሎ አቀረበ። ሰጪውና ተቀባዩ በአንድ ፈሳሽ ሟሙተው ሲቀቡና ሲደርቁ በጥቂት ናኖሜትር ተለያይተው እርስ በርስ ይጠላለፋሉ፤ ኤክሳይቶኑ የትም ይፈጠር ድንበር አጠገቡ ነው። ፊልሙም 100 ናኖሜትርና ከዚያ በላይ መወፈር ይችላል። የጉዞ ርዝመቱ 10 ናኖሜትር ለሆነ ቁስ ከዚህ የሚሻል አማራጭ የለም፤ አሁንም ቢሆን።

ዋጋው ግን አለ። ቅይጡ የኤክሳይቶንን ችግር ፈታ ሲባል፣ በእርግጥ ያደረገው ችግሩን ለቻርጆቹ ማውረስ ነው። ድንበር በየቦታው ስላለ ኤሌክትሮንና ሆል በመንገዳቸው ሁሉ እየተገናኙ ይጠፋፋሉ። አንዳንዱ የተቀባይ ጠብታ በሰጪው ተከብቦ ደሴት ሆኖ ይቀርና የገባበት ኤሌክትሮን መውጫ ያጣል። ጠብታዎቹ ሲያንሱ ቻርጅ መንገድ ያጣል፣ ሲያድጉ ኤክሳይቶን ይሞታል። መሀሉን ለማግኘት የአሟሚው ዓይነት፣ የማድረቂያው ፍጥነት፣ ተጨማሪ ኬሚካሉና የማሞቂያው ሙቀት ሁሉ ይሞከራሉ። የተገኘውም መሀል ዘላቂ ላይሆን ይችላል፤ ሴሉ ፀሐይ ላይ ሲሞቅ ሲበርድ ጠብታዎቹ ቀስ በቀስ ያድጋሉ።

በሁለቱ መካከል ተከታታይ ቅብ አለ። መጀመሪያ ሰጪው ብቻውን ይቀባና ይደርቃል፤ ከዚያ ተቀባዩ ታችኛውን በከፊል ብቻ በሚያሟሟ ፈሳሽ ከላይ ይቀባል። መሀል ላይ የተቀላቀለ ቀጠና ይፈጠራል፤ ከሥር ሰጪው፣ ከላይ ተቀባዩ በአብዛኛው ንጹሕ ሆነው ይቀራሉ። የእያንዳንዱን አደራደር ለብቻ ማስተካከል ይቻላል፤ ቻርጆቹም ወደየኤሌክትሮዳቸው የሚወስድ ግልጽ መንገድ ያገኛሉ። የጉዞ ርዝመቱ 10 ናኖሜትር በነበረ ጊዜ ይህ ዘዴ ብዙም አይመከርም ነበር። 30 ወይም 40 በሆነበት ጊዜ ግን መጀመሪያ ሊሞከር የሚገባው እሱ ነው እላለሁ። ቅይጥን ከልማድ የተነሳ ብቻ የሚመርጥ ሰው ያልተበደረውን ዕዳ ይከፍላል።

አራተኛው የኃይል ቅብብሎሽ ነው። ሀሳቡ ለኤክሳይቶን የሚያስፈልገውን ርቀት ከማሳጠር ይልቅ ጉዞውን አቅጣጫ ማስያዝ ነው። በቤልጂየም የሚገኘው ኢሜክ የምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2014 ሴክሲታዮፊንን በሰጪነት፣ ከዚያ ሰብናፍታሎሳያኒንን፣ ከላይ ደግሞ ሰብፍታሎሳያኒንን ደርቦ ያለ ፉለሪን 8.4 በመቶ አስመዝግቧል። በላይኛው ንብርብር የተመጠጠው ብርሃን ድንበሩን በቀጥታ አያገኝም፤ ኃይሉን በፎርስተር ለመካከለኛው ያቀብላል፣ መካከለኛው ከሰጪው ጋር በሚያዋስነው ድንበር ላይ ያለያየዋል። ንብርብር ለንብርብር ስለሆነ የሦስተኛ ኃይሉ ሕግ በሥራ ላይ ነው። በቫክዩም እያተነነ ለሚሠራ ሰው ይህ ከሁሉም የሚስብ አማራጭ ነው፤ በፈሳሽ ለሚቀባ ግን ሦስት ንብርብር ሳይቀላቀሉ መደርደር ራሱን የቻለ ፈተና ነው።

ፉለሪን ወይስ ከፉለሪን ውጭ

ፉለሪን ተቀባዮች የሚታየውን ብርሃን በደካማው ስለሚመጥጡ ኤክሳይቶኖቹ በአብዛኛው የሚፈጠሩት በሰጪው ፖሊመር ውስጥ ነው። ወደ ፉለሪኑ የሚደረገው የኤሌክትሮን ዝውውር ከ100 ፌምቶሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይጠናቀቃል። ንድፉ ቀላል ነው፤ የፖሊመሩን የጉዞ ርዝመት ማወቅ ይበቃል።

እ.ኤ.አ. በ2019 ዋይ6 የተባለው ተቀባይ 15.7 በመቶ ይዞ ከመጣ ወዲህ ጨዋታው ተለወጠ፤ የእርሱ ዝርያዎች ዛሬ 20 በመቶ አካባቢ ደርሰዋል። ዋይ6 እስከ 900 ናኖሜትር ድረስ በብርቱ ይመጥጣል፤ ሞለኪውሎቹ ጥሩ ስለሚደራረቡም በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ከ20 እስከ 50 ናኖሜትር የሚደርስ የጉዞ ርዝመት ተለክቷል። ብዙ ጊዜ አብሮት የሚሠራው ፒኤም6 ፖሊመር የሚተፋው ብርሃን ከዋይ6 መምጠጫ ጋር በደንብ ይደራረባል። ውጤቱ ምንድን ነው? በፖሊመሩ ውስጥ የተፈጠረው ኤክሳይቶን ድንበር ላይ ደርሶ ከመለያየቱ በፊት ኃይሉን በፎርስተር ወደ ተቀባዩ ሊያሻግር ይችላል። ያኔ ቻርጅ የሚፈጠረው ኤሌክትሮን ወደ ተቀባዩ ሄዶ ሳይሆን ሆል ከተቀባዩ ወደ ፖሊመሩ ተመልሶ ነው።

እዚህ ላይ ነው ጥንቃቄ የሚያስፈልገው። የኃይል ሽግግር ብቻውን ኤሌክትሪክ አያስገኝም፤ ዕቃውን ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ማዛወር ነው። ተቀባዩ ላይ የደረሰው ኤክሳይቶን በሆል ዝውውር ካልተለያየ፣ ፈጣኑ ሽግግር ማዳኛ መሆኑ ቀርቶ ወጥመድ ይሆናል። የሆል ዝውውሩ የሚወሰነው በሁለቱ ቁሶች ውስጥ ኤሌክትሮን በያዙት ከፍተኛ የኃይል ደረጃዎች ልዩነት ነው። ልዩነቱ ሰፊ ሲሆን ዝውውሩ ይፈጥናል፣ ቮልቴጅ ግን ይጎድላል፤ ሲጠብ ቮልቴጅ ይተርፋል፣ ዝውውሩ ግን ይዘገያል። ጠባብ ልዩነት የሚመርጥ ሰው ዕድሜው ረጅም የሆነ ኤክሳይቶን ያለው ተቀባይ ይምረጥ፤ ዕድሜው 200 ፒኮሰከንድ በሆነ ተቀባይ ላይ ጠባብ ልዩነት መደርደር ከድጡ ወደ ማጡ ነው።

ሦስተኛ ቁስ ለመጨመር ለሚያስብም ሚዛኑ ይኸው ነው። የተጨመረው ቁስ ኃይል አቀባይ ከሆነ ድንበር ላይ መቀመጥ አይጠበቅበትም፤ ስፔክትረሙ መደራረቡ ይበቃል። የቻርጅ መሸጋገሪያ እርከን እንዲሆን ከታሰበ ግን ቦታው ድንበሩ ላይ መሆን አለበት፤ ያንን ደግሞ ማዘዝ አይቻልም፣ ቁሱ ራሱ መርጦ ይቀመጣል። ለዚህ ነው ለጀማሪ የመጀመሪያውን የምመክረው።

ቁጥሩ እንዴት እንደተለካ መጠየቅ

የጉዞ ርዝመት የሚሰላው የስርጭት ኮፊሸንቱን (ኤክሳይቶኑ የሚሰራጭበትን ፍጥነት የሚገልጸውን ቁጥር) በዕድሜው አባዝቶ ስኩዌር ሩት በመውሰድ ነው። ኮፊሸንቱ በሰከንድ 0.001 ስኩዌር ሴንቲሜትር፣ ዕድሜው 1 ናኖሰከንድ ከሆነ ርዝመቱ 10 ናኖሜትር ይመጣል። ነገር ግን አንዳንድ ጽሑፎች ከሥሩ ውስጥ 2 ወይም 6 ይጨምራሉ፤ በ6 የተባዛው ቁጥር ካልተባዛው ወደ 2.4 እጥፍ ይበልጣል። ሁለት ቁሶችን ከማወዳደር በፊት ቀመሮቻቸው አንድ መሆናቸውን ማየት ያስፈልጋል። በዚህ ብቻ አንዱ ቁስ በማይገባው ሲመሰገን ብዙ ጊዜ ይታያል።

ከመለኪያ ዘዴዎቹ በአጥፊ ንብርብር (የደረሰበትን ኤክሳይቶን በሚያጠፋ ንብርብር) ላይ የፍሎረሰንስ (ቁሱ ሲነቃቃ የሚተፋው ብርሃን) መቀነስን መለካት ርካሽና ግልጽ ነው። ደካማ ጎኑ፣ አጥፊው ቁስ በፎርስተር ከሩቅ የሚስብ ከሆነ ኤክሳይቶኑ ያልተጓዘውን ርቀት እንደተጓዘ አድርጎ ማስቆጠሩ ነው። ሁለተኛው ዘዴ በብርቱ ሌዘር ብዙ ኤክሳይቶኖችን ፈጥሮ እርስ በርስ ሲጠፋፉ መከታተል ነው፤ ድንበር አያስፈልገውም፣ ፈጣን መሣሪያ ግን ይፈልጋል። ሁለቱም ተቀራራቢ ቁጥር ከሰጡ ቁጥሩ ይታመናል። የፍሎረሰንሱ ውጤት በብዙ ከበለጠ የአጥፊውን የመምጠጫ ስፔክትረም መጀመሪያ መመልከት ይበጃል።

ሴሉ ተሠርቶ ከረንት ሲጎድል

የተመረጠው ጥንድ በተግባር ሲደክም ጥፋቱ የርቀት ይሁን የሌላ ለመለየት በሁለት የብርሃን ቀለማት መሞከር ይቻላል። ፒኤም6 እና ዋይ6 ባሉበት ሴል 800 ናኖሜትር ላይ የሚመጥጠው ተቀባዩ ብቻ ነው፤ 600 አካባቢ ደግሞ በአመዛኙ ሰጪው። ከተመጠጠው ብርሃን ስንት እጁ ከረንት እንደሆነ በሁለቱም ላይ ይለካ። በ600 ብቻ ዝቅ ካለ ኤክሳይቶኖች በፖሊመሩ ውስጥ እየሞቱ ነው፤ የፖሊመሩ ክፍሎች ተልቀዋል ማለት ነው። በሁለቱም እኩል ዝቅ ካለ ወይ ቻርጆቹ ወደ ኤሌክትሮድ መድረስ አቅቷቸዋል፣ ወይም ሁሉም ኃይል ወደ ተቀባዩ ተሻግሮ እዚያ እየባከነ ነው። በ800 ብቻ ዝቅ ካለ ችግሩ ያለው ተቀባዩ ላይ ሲሆን፣ ጠብታዎቹ ትልቅ ሆነው ነው ወይስ ሆሉ አልሻገር ብሎ ነው የሚለው ይቀራል።

ያን ለመለየት ተቀባዩን በትንሽ መጠን፣ ከጠቅላላው አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ አድርጎ በሰጪው ውስጥ መበተን ነው። እንዲህ በስሱ ሲበተን እያንዳንዱ የተቀባይ ሞለኪውል ድንበር አጠገብ ስለሚሆን ርቀት ምክንያት መሆኑ ይቀራል። በ800 ናኖሜትር ተነቃቅቶ ፍሎረሰንሱ ከጠፋ ድንበሩ ይሠራል፤ የሚስተካከለው የቅቡ አደራረቅ ነው። አሁንም ደምቆ የሚያበራ ከሆነ ግን አሟሚ መለዋወጡም ሆነ ማሞቁ ለውጥ አያመጣም፤ የኃይል ደረጃው ከተቀባዩ ጋር የሚስማማ ሌላ ፖሊመር መፈለግ ያስፈልጋል።